ጅብ አጎት የሆነበት ዳገት

አንድ ጊዜ፣ ዝናብ ቆላውን ጨርሶ በረሳበት ዓመት፣ አያ ጅቦ ከጉምለበስ ተራራ ሥር ባለ አንድ ግራር ጥላ ተጋድሞ የገዛ ጅራቱን ትኩር ብሎ ይመለከት ነበር። በአካባቢው ሌላ የሚበላ ነገር ስላልነበረ «ብቀምሰው ይጎድልብኝ ይሆን?» እያለ ያሰላስላል። ማሰብ ብዙም ስለማይሆንለት ሐሳቡ ከጧት ጀምሮ ከጅራቱ ጫፍ አላለፈም።

ጉምለበስን ላላየ ትንሽ እንንገር። እግሩን በረሃ ውስጥ ዘርግቶ የተቀመጠ ተራራ ነው። ከሥሩ አሸዋ፣ ጥቁር ድንጋይና እሾህ ብቻ አለ፤ ፀሐዩ የእንሽላሊት ጀርባ ይልጣል። ወገቡ ላይ ሲደርሱ ቁልቋልና ወይራ ይጀምራል። ከዚያ በላይ ሣር፣ ከሣሩ በላይ ጉም፣ ከጉሙ ውስጥ ደግሞ ጥዱና ዝግባው የተጨናነቀበት፣ ምንጩ ክረምት ከበጋ የሚንፎለፎልበት ደን አለ። ከበረሃው ሆኖ አንጋጦ ለሚያየው ሌላ አገር ነው የሚመስለው።

ድርቅ በመጣ ቁጥር የቆላ እንስሳት ሁሉ እየተጠራሩ ወደዚያ ደን ይወጣሉ። ታዲያ ዝም ብሎ መግባት የለም። የደኑን ደጅ የሚጠብቁት ሽማግሌው አባ ጉሬዛ ናቸው፤ ነጭ ጸጉራቸው ከትከሻቸው ወደ ታች ስለሚወርድ ዘወትር ጋቢ የደረቡ ይመስላሉ። አባ ጉሬዛ ብቻውን የመጣን አያስገቡም፤ የሚያስገቡት ቤተሰብ ነው። ቤተሰብ መሆኑንም የሚጠይቁት ትልልቆቹን ሳይሆን ከመካከላቸው ትንሹን ነው። ትልልቆቹ ሲዋሹ ጢማቸው እንኳ እንደማይነቃነቅ ስንት ዓመት አይተዋል። ትንሹ «ከእኔ ጋር ይግባ» ያለው ይገባል፤ ያላለው ይመለሳል፤ ይግባኝ የለም።

የአያ ጅቦ ችግር እዚህ ላይ ነው። ቤተሰብ የለውም። ሚስትማ ነበረችው፤ ግን አንድ ሌሊት የተኙበትን አልጋ ጠፍሩን እየመዘዘ በልቶ መሬት ላይ ስለጣላት፣ ወገቧን እያሸች ጥላው ከሄደች ቆይታለች።

ጅራቱን ገና እየተመለከተ ሳለ እመት ቀበሮ ከድንጋዮቹ መሐል ብቅ አለች። እሷም ውሃ ጠምቷታል፤ እሷም ዘመድ የላትም፤ የሚያውቃት ሁሉ ደህና አድርጎ ስለሚያውቃት።

«አያ ጅቦ፣ ኧረ ጅራትህን ተወው» አለችው። «ከጸጉር በቀር ምን አለውና?»

«እመት ቀበሮ፣ ልሞት ነው። ትናንት ድንጋይ ላስኩ። ዛሬ ድንጋዩም አልጣፈጠኝም።»

«ላይ እኮ ውሃው ሞልቶ ይፈሳል። ከአያ አንበሶ ማዕድ የተረፈው አጥንት በየዛፉ ሥር ተጥሎ የሚያነሳው አጥቷል።»

አያ ጅቦ ምራቁን ሊውጥ ሞከረ፤ ምራቅ ግን አልነበረውም። «እሱንማ አውቃለሁ። ዘመድ ከየት ላምጣ?»

«እመት ዳልቻን ታውቃታለህ አይደል፣ አህያዋን? ከልጇ ጋር ልትወጣ ስንቋን እየቋጠረች ነው። ባሏ ጨው ሊጭን እንደወረደ አልተመለሰም፤ ብቻዋን ናት። አንተ አጎት፣ እኔ አክስት ሆነን አብረን እንወጣለን። አንዴ ከገባን በኋላ ማን ይጠይቀናል?» ግራ ቀኙን አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ውርንጭላው ለአጎቱ፣ ጉበቱ ለአክስቱ።»

«ልጁ ስሙ ማን ነው?»

«ጥጋቡ።»

አያ ጅቦ ዓይኑን ጨፍኖ ስሙን በልቡ ደጋገመው። «ስሙ ራሱ ግማሽ እራት ነው» አለና ብድግ አለ።

ሲደርሱ እመት ዳልቻ በግራና በቀኟ የውሃ እርኮት አንጠልጥላ፣ የገብስ ስልቻዋን አፍ በጥርሷ እያሰረች ነበር። ጅብ ስታይ እንደ ማንኛዋም አህያ መጀመሪያ ያዘጋጀችው የኋላ እግሮቿን ነው።

«እንደምን አደሩ፣ እመት ዳልቻ!» አለ አያ ጅቦ ድምፁን አለስልሶ። አለስልሶ ስንል በጅብ አለሳለስ ነው፤ ከግራሩ ላይ ወፎች ተነስተው በረሩ።

«ማን ነኝ ብለህ ነው የመጣኸው?»

«አጎት ነኝ።»

«የማን?»

ይህንን አላጠናውም ነበር። ወደ ቀበሮ ዞረ። «የልጁ» አለችው በሹክሹክታ።

«የልጁ!» አለ ጮክ ብሎ።

እመት ዳልቻ አልሳቀችም። ቀና ብላ ዳገቱን አየች። እመንገዱ ላይ የነብር ገደል የሚባል ቦታ አለ፤ እሷ ውሃና ስንቅ ተሸክማ ልጇን ከነብር ማስጣል አትችልም። ነብር ደግሞ የጅብ ሽታ አይወድም። ጅቡን የሚይዝላት ነገር መኖሩንም ታውቃለች።

«ስማኝ» አለችው። «አጎት አለመሆንህን እኔም፣ አንተም፣ ይቺም እናውቃለን። ቢሆንም ና። ደጁ ላይ የሚጠየቀው ጥጋቡ ነው። እሱ ካልጠራህ ተመላሽ ነህ። ከተመለስክ ደግሞ ይህ በረሃ ውሃ ያጠጣህ እንደሆነ እናያለን። እንግዲህ ከልጄ አንዲት ጸጉር እንዳትጎድል ከእኔ ይልቅ መጨነቅ ያለብህ አንተ ነህ። ገባህ?»

«በደንብ! እስክንገባ ድረስ አይነካም» አለ አያ ጅቦ በቅን ልቦና። «ከገባን በኋላ ግን...»

እመት ቀበሮ እግሩን ረገጠችው።

«ከገባን በኋላ ምን?» አለች እመት ዳልቻ።

«ከገባን በኋላ... ውሃ እንጠጣለን።»

«እንግዲያው አጎት ከሆንክ ስንቁን ተሸከም። አንቺስ ምን ትይዣለሽ?»

«እኔ ምክር እይዛለሁ» አለች እመት ቀበሮ። «አይታይም እንጂ ከባድ ነው።»

በዚህ ጊዜ ከእናቱ ሆድ ሥር አንድ ራስ ብቅ አለ። ጥጋቡ ጆሮው ከፊቱ የሚበልጥ፣ ጥያቄው ከጆሮው የሚረዝም ውርንጭላ ነው። አያ ጅቦን ከላይ እስከ ታች አየውና «ለምንድነው ከፊት ረዥም፣ ከኋላ አጭር የሆንከው? ተሠርተህ አላለቅህም እንዴ?» ብሎ ጠየቀው።

አያ ጅቦ ስለዚህ ነገር አስቦ አያውቅም ነበር። ዞሮ ሊያይ ሞከረ፤ አንገቱ ግን እሺ አላለውም፤ የጅብ አንገት ግትር ነው። «አላውቅም» አለ። ጉዞው በዚህ ተጀመረ።

በረሃውን ሲያቋርጡ እመት ዳልቻ ከፊት፣ ልጇ ከኋላዋ፣ አያ ጅቦ ስልቻውን አንግቶ ከልጁ ኋላ፣ እመት ቀበሮ ደግሞ ጥላ ባለበት በኩል ሁሉ ትሄዳለች። ሙቀቱ እየቆየ ጨመረ። ስልቻው ደግሞ ከአያ ጅቦ አፍንጫ ሥር ነው። ገብሱ ግድ አልሰጠውም። ስልቻው ግን ቆዳ ነው፣ ያውም የፍየል ቆዳ፣ ያውም በደንብ ያልለፋ። መጀመሪያ ጠርዙን ብቻ ቀመሰ። ከዚያ «ጠርዙ ከጎደለ ሌላው ምን ያደርጋል?» አለ። እመት ዳልቻ ለዕረፍት ስትቆም ከስልቻው የቀረው ማሰሪያው ነበር፤ እሱም ከአያ ጅቦ አፍ ጥግ ተንጠልጥሏል።

«ስልቻው የት አለ?»

«የቱ ስልቻ?»

«ከአፍህ ላይ የተንጠለጠለው።»

አያ ጅቦ ማሰሪያውን ስርግ አድርጎ ዋጠው። «የለም» አለ።

«ገብሱስ?»

«ገብሱን አልነካሁም! የሰው ስንቅማ አልነካም» አለ ኮራ ብሎ። እውነቱን ነው፤ አልነካውም። ገብሱ ከመጡበት ጀምሮ በአሸዋው ላይ እየተንጠባጠበ ቀርቷል። ጉንዳኖች ምን ዓይነት ደግ ዓመት መጣ እያሉ ያነሱታል።

እመት ዳልቻ ያን ጊዜ የተናገረችውን ሁሉ እዚህ አንጽፈውም፤ ይህን ተረት ልጆችም ያነቡታል። ባጭሩ አያ ጅቦ በዕድሜው ከሰማው ስድብ ሁሉ የተለየ ነበር። ጥጋቡ ግን አልሰማም። ሆዱ ባዶ ሆኖ፣ ኮቴው በትኩስ ድንጋይ ተቃጥሎ፣ አሸዋው ላይ ቁጭ ብሏል። እናቱ ብትገፋው አልነሳም አለ። ውሃውን ጥላ እንዳትሸከመው ውሃ ከሌለ ማንም አይደርስም።

«እኔ ወገቤን ያመኛል» አለች እመት ቀበሮ ሳትጠየቅ። «ምክር ግን አለኝ፤ አጎቱ ይሸከመው።»

«ስንቁን የበላው ይሸከመዋል» አለች እመት ዳልቻ። እንዲህ ሆኖ አያ ጅቦ ምሳዬ ያለውን በጀርባው ተሸክሞ ተራራውን ተያያዘው።

ዳገቱ ሲጀምር ሌላ ችግር መጣ። ጀርባው ከፊት ከፍ፣ ከኋላ ዝቅ ያለ ስለሆነ፣ ሽቅብ ሲሄድ ደግሞ ይብሱን ስለሚያዘቀዝቅ፣ ጥጋቡ ተንሸራቶ በጅራቱ በኩል ዱብ ይላል። ያነሱታል፤ ትንሽ ይሄዳሉ፤ ዱብ። እንደገና ያነሱታል፤ ዱብ። እመት ቀበሮ በጥርስህ ጸጉሩን ያዝ ብላ መከረች፤ ጥጋቡ ያዘ፤ ሲንሸራተት ጸጉሩን ይዞ ወረደ። አያ ጅቦ ለቅሶ ቀረሽ ሆነ።

«ለምን ዞረህ አትወጣም?» አለው ጥጋቡ ከመሬት ሆኖ።

«እንዴት ዞሬ?»

«አጭሩ ከላይ ይሁን፣ ረዥሙ ከታች።»

አያ ጅቦ ዞረ። ቂጡን ወደ ተራራው፣ ፊቱን ወደ በረሃው አድርጎ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ወጣ። ጀርባው እንደ መደብ ተስተካከለ። ጥጋቡ ላዩ ላይ ተመቻችቶ ተኛ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አያ ጅቦ ጉምለበስን የኋሊት ወጣ። ወዴት እንደሚሄድ አያይም፤ የሚያየው የተወውን በረሃ ብቻ ነው። ቁልቋል ሲወጋው «እዚህ ጋ ቁልቋል አለ» ይላል። ድንጋይ ሲያደናቅፈው «ድንጋይም አለ» ይላል።

የነብር ገደል ላይ ሲደርሱ ነብር ከዋሻው አንገቱን አወጣ። የጅብ ሽታ መጣበት። የኋሊት የሚሄድ ጅብ፣ ጅቡ ላይ የተኛ ውርንጭላ አየ። ከልጅነቱ ጀምሮ በዚያ ገደል እንዲህ ያለ ነገር አልፎ አያውቅም። «ያልለመድኩትን አልበላም» ብሎ ወደ ዋሻው ተመለሰ።

እመት ቀበሮ በበኩሏ ሥራ አልፈታችም። ደጁ ላይ የሚጠየቀው ትንሹ መሆኑን ታውቃለችና ከጥጋቡ ጆሮ አጠገብ እየሄደች ዘመድ መቁጠር ታስተምረዋለች። «በል ድገም። እመት ቀበሮ የእናቴ እናት የእህት ልጅ ናት። በሕፃንነቴ አዝላኛለች። ከአፏ ነጥላ አጉርሳኛለች።» ጥጋቡ ይደግማል። ሲሳሳት በጅራቷ ቸብ ታደርገዋለች። ለአያ ጅቦ ግን አንድም ቃል አላስተማረችለትም። እሱም አላስታወሳትም፤ እግሩን የት እንደሚያሳርፍ በማሰብ ተጠምዷል።

ወይራው ጋ ሲደርሱ እመት ዳልቻ «እዚህ ቆዩ፤ ለልጁ ሣር ካለ ልይ» ብላ ከመንገዱ ወጣ አለች። ገና ጅራቷ ከቁጥቋጦው ጀርባ እንደተሰወረ እመት ቀበሮ ወደ አያ ጅቦ ጆሮ ተጠጋች።

«ሐሳቤን ለውጫለሁ። እስከ ላይ ምን አደከመን? አሁን ብላው። ከትልልቆቹ መሐል ትንሿ እኔ ነኝ። ደጁ ላይ ትንሿ ነኝ እላለሁ፤ አንተን አጎቴ ብዬ እጠራሃለሁ። አለቀ!»

ለአያ ጅቦ ይህ የብልህ ሐሳብ መሰለው። ከጧት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉ ውስጥ ምራቅ መጣ። አፉን ከፍቶ ወደ ጀርባው ዞረ። ግትሩ አንገቱ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። አንገቱ እምቢ ሲለው ገላውን አዞረ። ገላው ሲዞር ጀርባው አብሮ ዞረ፤ ጀርባው ላይ ያለው ምሳም አብሮ ዞረ። ፈጠን አለ። ምሳውም ፈጠነ። ዞረ፣ ዞረ፣ ዞረ፤ አቧራው ተነሳ፤ ዓይኑ ተገለበጠ፤ በመጨረሻ እግሩ ተጠላልፎ ዘጭ አለ።

ጥጋቡ በሳቅ ሊሞት ደረሰ። «ድገመው!» አለ። «አያ ጅቦ፣ በናትህ ድገመው!»

አያ ጅቦ ከመሬት ሆኖ አየው። ከተወለደ ጀምሮ ማንም «ድገመው» ብሎት አያውቅም። ሲያዩት የሚባለው «ሂድ!» ነው፤ ከቃሉ ጋርም ድንጋይ ይከተላል።

«አውርደውና ብላው እንጂ!» አለች እመት ቀበሮ። «ምን ትጠብቃለህ?»

«ድገመው አለኝ እኮ» አለ አያ ጅቦ።

«እና?»

«እና ልድገምለት።» ተነስቶ ዞረ። በዚህኛው አፉን መክፈት ረሳ። ከዚያም በሌላ በኩል ዞረለት። እመት ዳልቻ ትንሽ ሣር በአፏ ይዛ ስትመለስ ጅቡ ምላሱን ጎልጉሎ ያለከልካል፣ ልጇ ከሳቁ ብዛት ስቅ ይለዋል፣ ቀበሮዋ ራሷን ይዛ ተቀምጣለች።

«ምንድነው የምትሠሩት?»

«እማዬ፣ አያ ጅቦ ጨዋታ አስተማረኝ!»

እመት ዳልቻ ጅቡን ለረዥም ጊዜ አየችው። ከዚያ እርኮቷን አውርዳ የቀረውን ውሃ አካፈለች። ለልጇ ሰጠች፣ ራሷ ተጎነጨች፣ ለቀበሮ ሰጠች። አያ ጅቦ ፊቱን ወደ በረሃው አዙሮ ቆሞ ነበር፤ ስልቻ ለበላ ውሃ ይደርሰኛል ብሎ አልጠበቀም። እርኮቱ አፍንጫው ሥር ሲመጣ ደነገጠ። ለልጇ የሰጠችውን ያህል ነው ያስቀረችለት።

«ጠጣ» አለችው። «ገና ዳገት አለብህ።»

ጠጣ። እርኮቱ ቆዳ መሆኑን ያወቀው ባዶውን ከመለሰላት በኋላ ነው። በጣም አዘነ። ግን ተመልሶ አልጠየቃትም።

ከወይራው በላይ አየሩ ቀዘቀዘ። ጉሙ መጥቶ ዋጣቸው። ጥጋቡ ጥቂት ሣር ከቀመሰ በኋላ አያ ጅቦ ጀርባ ላይ ሆኖ አገጩን አንገቱ ላይ አሳረፈ። አያ ጅቦ አንገቱን ሞቀው። ሙቀቱ ወደ ደረቱ ወረደ። «አመመኝ መሰለኝ» አለ ለራሱ፤ ጥሩ ስሜት ምን እንደሚመስል የሚነግረው አልነበረምና። ደስ ብሎት ነበር። በራብ እየሞተ፣ የኋሊት እየሄደ፣ ደስ ብሎት ነበር።

ከጉሙ ውስጥ መጀመሪያ ብቅ ያለው የአያ ጅቦ ጅራት ነው። አባ ጉሬዛ ከዝግባው ቅርንጫፍ ላይ ሆነው አጎንብሰው አዩ።

«ይሄ ደግሞ የሚገባ ነው የሚወጣ?»

«የሚገባ ነው፣ አባቴ» አለ አያ ጅቦ ለበረሃው።

«ትንሻችሁ ማን ነው?»

ጥጋቡ ከጀርባው ላይ ዘሎ ወረደ። እግሮቹን ገጥሞ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ቆመ።

«ከማን ከማን ጋር መጣህ፣ ልጄ? ንገረኝ።»

«እመት ቀበሮ የእናቴ እናት የእህት ልጅ ናት!» አለ ጥጋቡ በአንድ ትንፋሽ። «በሕፃንነቴ አዝላኛለች! ከአፏ ነጥላ አጉርሳኛለች!»

እመት ቀበሮ የሌለ እንባዋን በመዳፏ ጠረገች።

«ጎበዝ» አሉ አባ ጉሬዛ። «ይህን ማን ነገረህ?»

«እሷ። መንገዱን ሙሉ ስታስጠናኝ ነበር። ስሳሳት በጅራቷ ትመታኛለች።» ወደ ቀበሮ ዞረ። «አሁንስ አልተሳሳትኩም አይደል?»

«ልጅ ነው እኮ፣ ሲደክመው ነገር ይቀላቅላል» አለች እመት ቀበሮ። ጢሟ ግን ተነቃነቀ።

«ይሄኛውስ?» አሉ አባ ጉሬዛ ወደ አያ ጅቦ እያመለከቱ። «አጎትህ ነው?»

አያ ጅቦ ትንፋሹን ያዘ። ከሽማግሌው ጀርባ ውሃው ሲንቆረቆር ይሰማዋል። የእርጥብ መሬት ሽታ ይሸተዋል። ከዚህ ከመለሱት እግሮቹ በረሃው ድረስ እንኳ እንደማያደርሱት ያውቃል። ይህችን ማወቅ ብልህነት አይጠይቅም።

«አጎቴ አይደለም» አለ ጥጋቡ። «ጅብ ነው። እማዬ አትጠጋው ብላኛለች።»

አያ ጅቦ ዓይኑን ጨፈነ።

አባ ጉሬዛ ወደ እሱ ዞሩ። «ይህን ልጅ ልትበላው ነው የመጣኸው?»

እመት ቀበሮ ከኋላ ሆና ራሷን በኃይል ትነቀንቃለች፤ አይደለም በል ማለቷ ነው። አያ ጅቦ ግን ፊቱ ወደ በረሃው ስለሆነ አላያትም።

«አዎ» አለ።

«መንገድ ላይስ?»

«መንገድ ላይም ሞክሬ ነበር። አልደርስበት አለኝ።»

«አሁንስ?»

አያ ጅቦ ብዙ አሰበ። እንዲህ አስቦ አያውቅም። «አሁን» አለ በመጨረሻ፣ «ከላዬ ሲወርድ ጀርባዬን በረደኝ።»

አባ ጉሬዛ ከዛፉ ቀስ ብለው ወረዱና ዞረው አዩት። ጀርባው በኮቴ ብዛት ጸጉሩ ተላልጧል። የኋላ እግሮቹ በቁልቋል እሾህ ተወጋግተዋል።

«የኋሊት የወጣኸው ለምንድነው?»

«በፊቴ ስወጣ ልጁ ይንሸራተታል።»

«ይህን ሁሉ ዳገት?»

«ይህን ሁሉ።»

ሽማግሌው ወደ ጥጋቡ ተመለሱ። «እንግዲህ ልጄ፣ ሥርዓታችን ሥርዓት ነው። አንተ የጠራኸው ይገባል። ጥራ።»

«እማዬ።»

«ሌላስ?»

«እሱ» አለ ጥጋቡ ወደ አያ ጅቦ እየጠቆመ።

«አጎቴ አይደለም አልክ እኮ!»

«አይደለማ! ግን እሱ ከሌለ ስንመለስ ማን ይሸከመኛል?»

አባ ጉሬዛ ሳቁ። እመት ዳልቻ እንኳ ከጧት ጀምሮ ያጠራቀመችውን ሳቅ አንድ ላይ ለቀቀችው፤ የአህያ ሳቅ ስለሆነ እስከ በረሃው ተሰማ።

«እኔስ ጥጋቡዬ?» አለች እመት ቀበሮ ወደ ፊት ተስባ። «ያን ሁሉ ያስጠናሁህ?»

ጥጋቡ አሰበና «አመሰግናለሁ» አለ። «ጥናቱን ጨርሼዋለሁ።»

ሁለቱ አህዮች ገቡ። አያ ጅቦ በቂጡ ገባ። እመት ቀበሮ ከደጁ ውጪ ቀረች፤ ከደኑ ተርፎ በአጥሩ ሥር የሚወርደውን ውሃ እየላሰች፣ ለሚያልፈው ሁሉ ዘመድ ስትቆጥር ዋለች። ኤሊ እንኳ አላመነቻትም።

አያ ጅቦ ሆዱ እስኪነፋ ጠጣ። ከዛፉ ሥር የአንበሳ ትርፍ አጥንት አገኘ፤ ቆረጠመ፤ ደገመ። ከዚያ ለስላሳው ሣር ላይ ተዘረጋ። ጥጋቡ ሳይጠራ መጥቶ ሆዱ ላይ ተጋደመና ወዲያው እንቅልፍ ወሰደው። እናቱ ትንሽ ራቅ ብላ ትግጣለች፤ ቀና ብላ አየቻቸውና ተመልሳ ግጦሿን ቀጠለች።

ከአጥሩ ውጪ አንድ የታፈነ ድምፅ መጣ። «አያ ጅቦ! ኧረ አያ ጅቦ! ገብተሃል እኮ! ማንም አያይህም፣ ማንም አይጠይቅህም! በል ጨርሰውና ጉበቱን በአጥሩ ላይ ወርውርልኝ!»

አያ ጅቦ አንገቱን በቀስታ ቀና አደረገ። አፉን ከፈተ። አንድ ክንድ ከማይሞላ ርቀት ላይ የውርንጭላው ጆሮ በእንቅልፍ ልቡ ትንቀጠቀጣለች።

«ዝም በይ አንቺ!» አለ በሹክሹክታ። «ልጁ ተኝቷል።»

ከዚህ የምንማረው ዝምድና አፍ ደርድሮ የሚቆጥረው የዘር ሐረግ ሳይሆን ዳገት ሲመጣ ጀርባ እሺ ብሎ የሚሸከመው መሆኑን ነው።